የተመለሰ ዕቃ የማጓጓዣ ወጪና የገንዘብ ተመላሽ አያያዝ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚልኩ የኦንላይን ሻጮች ዝርዝር መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ጫማና ልብስ የምንሸጥ ሰዎች ከደንበኛ ጋር በብዛት የምንቀያየመው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ዕቃው ሲመለስ በሚወጣው የማጓጓዣ ሒሳብ ነው። ደንበኛው «ሻጩ ይክፈል» ይላል፤ ሻጩ «የፈለገው እሱ ነው» ይላል፤ ካርቶኑም በመሃል መናኸሪያ ውስጥ ይከርማል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጫማን ምሳሌ አድርጎ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለልብስ፣ ለቦርሳና ለትናንሽ የቤት ዕቃዎችም ያገለግላል። ደረጃዎቹን አይዝለሉ። በሰባተኛው ደረጃ ላይ የሚነሳ ጠብ ሁሉ ማለት ይቻላል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ደረጃ ላይ ከተተወ ነገር የሚመጣ ነው።

በቅድሚያ የሚያዘጋጁት

አንድ ወፍራም ደብተር፣ ሰፊ የካርቶን ፕላስተር፣ የማይለቅ ማርከር፣ የሴንቲሜትር ሜትር፣ አንዴ ከተቆለፈ ሳይቆረጥ የማይፈታ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያና በቂ ቦታ ያለው ስልክ ያስፈልግዎታል። ከዚህ በተጨማሪ ለተመላሽ ብቻ የሚውል ገንዘብ ከሽያጭ ሒሳብዎ ለይተው ያስቀምጡ። ገንዘቡ ሁሉ ዕቃ ላይ ከዋለ በኋላ ተመላሽ የሚጠየቅ ሻጭ ሳይወድ ደንበኛውን ማመላለስ ይጀምራል፤ ስሙም የሚጠፋው በዚያ ጊዜ ነው።

ደረጃ 1፦ የመመለስን ሙሉ ወጪ በቁጥር ይወቁ

አብዛኛው ሻጭ የሚያስበው አንዱን ጉዞ ብቻ ነው። ቁጥሩ ያልገጠመ ጫማ ግን ሦስት ጊዜ ይጓዛል፦ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያም በምትኩ ሌላ ይላካል። በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ከሱቅዎ እስከ መናኸሪያ ያለው የባጃጅ ኮንትራት ይጨመራል።

የሚከተለው ቁጥር ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ስለሆነ በራስዎ ዋጋ ይተኩት። በ1,950 ብር የገዙትን ቡት በ2,400 ብር ሸጠው ወደ ወልድያ ላኩ እንበል። ትርፍዎ 450 ብር ነው። የአንድ ጉዞ ማጓጓዣ 150 ብር፣ የባጃጅ ደግሞ 50 ብር ነው። የመጀመሪያውን ማጓጓዣ ደንበኛው ከፍሏል፤ እርስዎ ባጃጁን 50 ብር ከፍለዋል። ጫማው ጠብቦ ሲመለስ መመለሻውን 150፣ ከመናኸሪያ ማምጫውን 50፣ ትልቁን ቁጥር መላኪያውን 150፣ ባጃጁን 50 ብር እርስዎ ከከፈሉ ድምሩ 400 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው 50 ብር ጋር ሲደመር 450 ብር፣ ማለትም ትርፉ እንዳለ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ደብተርዎን ገልጠው ባለፉት ሁለት ወራት ስንት ጥቅል እንደላኩና ስንቱ እንደተመለሰ ይቁጠሩ። 40 ልከው 4 ከተመለሰብዎና እያንዳንዱ 400 ብር ካስወጣዎ ጠቅላላው 1,600 ብር ነው። ይህን ሳይመለሱ ለቀሩት 36 ሽያጮች ሲያካፍሉት በእያንዳንዱ ላይ ወደ 45 ብር ይመጣል። ይህንን 45 ብር በዋጋው ላይ ይጨምሩና ሲሸጡ ወዲያው ወደ ተመላሽ ገንዘቡ ያዛውሩት። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሻጭ ጫማ ተመለሰ ሲባል ፊቱ አይለወጥም።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚከፍል አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ

ክፍፍሉን በምክንያት ይለዩት እንጂ ለሁሉም አንድ ደንብ አያውጡ። እኔ የምሠራበት አከፋፈል የሚከተለው ነው።

ሀ. ስህተቱ የሻጩ ከሆነ፣ ማለትም የተሳሳተ ቁጥር ወይም ቀለም ከተላከ ወይም ዕቃው ጉድለት ካለበት፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ማጓጓዣ ሻጩ ይሸፍናል። ደንበኛው ገንዘቡን ከፈለገ የዕቃው ዋጋ ከከፈለው የመሄጃ ማጓጓዣ ጋር ይመለስለታል።

ለ. የተላከው በትክክል የታዘዘው ሆኖ ካልገጠመ ደንበኛው መመለሻውን፣ ሻጩ ደግሞ የምትኩን መላኪያ ይከፍላሉ። ሙሉውን በደንበኛው ላይ መጫን የተሻለ የሚመስላቸው ሻጮች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ቁጥርን በርቀት መገመት የሁለቱም ወገን ሥራ ስለሆነ ወጪውን መካፈል ፍትሐዊ ነው፤ ደንበኛውም በሚቀጥለው ጊዜ ለክቶ ያዛል።

ሐ. ደንበኛው ሐሳቡን ከቀየረ ሁለቱንም ጉዞ ራሱ ይከፍላል። ዕቃው ያልተደረገና ማሰሪያው ያልተቆረጠ መሆን አለበት፤ ጥያቄውም ዕቃው በደረሰው በ3 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

መ. ዕቃው በመንገድ ላይ ከተጎዳ ወይም ከጠፋ ደንበኛውን ከአጓጓዡ ጋር አያከራክሩት። ለደንበኛው ምትክ ወይም ገንዘብ ይስጡና ከአጓጓዡ ጋር ያለውን ጉዳይ እርስዎ ይከታተሉ።

ሠ. ደንበኛው ዕቃውን ሳይረከብ ከቀረ የደርሶ መልስ ማጓጓዣው ከቀብዱ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሲደርስ ለሚከፈልበት ሽያጭ ቢያንስ የሁለት ጉዞ ማጓጓዣ የሚሸፍን ቀብድ ሳይቀበሉ አይላኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መጻፍ ከጉድለት ኃላፊነት አያድንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የ3 ቀኑን ገደብ ላልገጠመ ዕቃና ለሐሳብ ለውጥ ብቻ ያውሉት፤ ለጉድለት 15 ቀን ብለው በግልጽ ይጻፉ።

ደንቡን በቻናልዎ አናት ላይ ይስቀሉት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከክፍያ በፊት ለእያንዳንዱ ደንበኛ በግል ይላኩትና «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ይጠብቁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሚሰጥ ይህች አጭር መልስ በክርክር ጊዜ ዋጋ አላት። በስልክ የተባለ ነገር ግን ሁለቱም ወገን እንደየፍላጎቱ ያስታውሰዋል።

ደረጃ 3፦ ሳይልኩ በፊት መመለሻውን ይከላከሉ፤ ማስረጃም ይያዙ

1. እግር ያስለኩ። ደንበኛውን «ስንት ቁጥር ያደርጋሉ?» ብለው ብቻ አይለፉ። ወደ ማታ ላይ፣ እግር በውሎ ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ እንዲቆምና ረጅሙ ጣት የደረሰበትን ምልክት አድርጎ በሴንቲሜትር እንዲነግርዎ ይጠይቁት። እርስዎ ደግሞ የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥተው ይለኩ። የውስጡ ርዝመት ከእግሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ካልበለጠ አይላኩ። ፋብሪካዎች 41 ብለው የሚያትሙት ቁጥር እርስ በርሱ ስለማይስማማ ሴንቲሜትሩን ይመኑ።

2. ማሰሪያ ይቆልፉ። የፕላስቲኩን ማሰሪያ በሁለቱ ጫማዎች የክር ቀዳዳ ውስጥ አሳልፈው ጫፉን ይሳቡት። ሳይቆረጥ ጫማውን አድርጎ መንገድ መሄድ አይቻልም፤ ቤት ውስጥ አንዱን እግር ለክቶ ማየት ግን ይቻላል።

3. ሳያቋርጡ ይቅረጹ። በአንድ ቪዲዮ የጫማውን የላይ ክፍል፣ ሶሉን፣ የውስጥ ቁጥሩን፣ ማሰሪያውን፣ ካርቶኑ ሲዘጋና በፕላስተሩ ላይ ሲፈርሙ ያሳዩ። ፊርማው ግማሹ በፕላስተሩ፣ ግማሹ በካርቶኑ ላይ ይረፍ፤ ፕላስተሩ ከተነሳ ፊርማው አይገጥምም።

4. ከዝናብ ይከልሉ። በሐምሌና በነሐሴ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ካርቶን ሐረጎን ሳይወርድ ሊበሰብስ ይችላል። ጫማውን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው ወደ ካርቶኑ ያስገቡ፤ ካርቶኑንም በሌላ ላስቲክ ያልብሱት።

5. የጭነት ደረሰኝ ይቀበሉ። በካርቶኑ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የእርስዎን ስልክና የመመዝገቢያ ቁጥሩን በማርከር ይጻፉ።

በአምስተኛው ነጥብ ላይ የማጥብቀው ምክንያት አለኝ። በሥራው መጀመሪያ ላይ ሁለት ጥንድ ቡት ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ለረዳቱ በእጁ ሰጥቼ፣ ያለ ደረሰኝ ላክሁ። ደንበኛዋ አንዱ ጠቦባት በሌላ ሚኒባስ ያለ ደረሰኝ መለሰችው። ለሦስት ቀን መናኸሪያ እየተመላለስሁ ብጠይቅ የተቀበለው ረዳት ሥራ ቀይሯል፣ የመኪናውን ሰሌዳ የያዘ ሰው የለም። ለደንበኛዋ ገንዘቧን መለስሁ፤ ጫማውን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ደረሰኝ የማይሰጥ መኪና ላይ መላክ ግድ ከሆነብዎ የሰሌዳውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፣ የሾፌሩን ስልክ በፊቱ ደውለው ያረጋግጡ፣ ሁለቱንም ለተቀባዩ ያስተላልፉ።

ደረጃ 4፦ የመመለስ ጥያቄ ሲመጣ

በዚያው ቀን መልስ ይስጡ። ዝምታ ደንበኛውን ወደ ጥርጣሬ ይወስደዋል፤ ተጠራጣሪ ደንበኛ ደግሞ ሳያስፈቅድ ይልካል። የሚከተለውን መልእክት እንደ መነሻ ይጠቀሙ፦

«እህታችን፣ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። እባክዎ የጫማውን ሶል፣ የማሰሪያውን ሁኔታና ችግሩ ያለበትን ቦታ በሦስት ፎቶ ይላኩልን። ምክንያቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉልን። የመመለሻ ቁጥር እስክንሰጥዎ ድረስ ዕቃውን አይላኩ።»

ፎቶዎቹን ከማሸጊያ ቪዲዮዎ ጋር ያስተያዩና ምክንያቱን ከሀ እስከ መ ካሉት በአንዱ ይመድቡ፤ ሠ ላይ ያለው ጥያቄ ሳይቀርብበት የሚመለስ ነው። ከዚያም ተራ ቁጥር በደብተሩ ላይ ከፍተው ለደንበኛው ይላኩ፤ «ተመላሽ 17፣ ምክንያት ለ፣ መመለሻ በደንበኛ፣ የምትኩ መላኪያ በሻጭ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። በየትኛው ምክንያት እንደመደቡት ካልጻፉ ካርቶኑ ሲደርስ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል።

ደንበኛው ፎቶ መላክ ካልቻለ፣ ለምሳሌ ስልኩ ካሜራ ከሌለው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ አይከልክሉት። ዕቃው ሲደርስ እንደሚመረመርና ውሳኔው ከዚያ በኋላ እንደሚሰጥ ጽፈው ይላኩለት።

ደረጃ 5፦ ካርቶኑን ማስመለስ

መመለሻውን የሚከፍሉት እርስዎ ከሆኑ ደንበኛው ከኪሱ አውጥቶ እንዲጠብቅ አያድርጉ። የማጓጓዣውን ዋጋ ከአጓጓዡ ቢሮ በስልክ አረጋግጠው ገንዘቡን አስቀድመው በቴሌብር ይላኩለት፤ ደረሰኙን ፎቶ እንዲያደርስዎም ይጠይቁ። ስህተቱ የእርስዎ ሆኖ ሳለ ደንበኛውን 150 ብር ማስበደር ከስህተቱ በላይ ያስቀይማል።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል እያንዳንዱን ተመላሽ ለየብቻ ማጓጓዝ ብክነት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያምኑትን አንድ ባለ ሱቅ መረከቢያ ያድርጉ፣ በጥቅል የሚከፍሉትን ይስማሙ፣ የተጠራቀመውንም በሳምንት አንድ ቀን ያምጡ። መቀመጫዎ ኮምቦልቻ ከሆነ ያንኑ ደሴ ላይ፣ ፒያሳ ወይም ሸዋ በር አካባቢ ያድርጉት። ባለ ሱቁ ካርቶኑን እንዳይከፍት፣ የተረከበበትን ቀንና ሰዓት ብቻ እንዲጽፍ ይንገሩት። ሐይቅም ቅርብ ስለሆነች በዚሁ መንገድ ልትሠራ ትችላለች።

ከአዲስ አበባ የሚመለስ ዕቃ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በአውቶቡስ ጭነት ቢሮ በኩል በደረሰኝ ይምጣ። ደንበኛው ካርቶኑን ሲያስረክብ የደረሰኙን ፎቶ ወዲያው እንዲልክ ያድርጉ፤ እርስዎም ቢሮው ሳይዘጋ የሚደርሱበትን ሰዓት ያመቻቹ።

ደረጃ 6፦ ሲደርስ መመርመር

በጥድፊያ ከሚሠሩት ደረጃዎች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ካርቶኑን መናኸሪያ በር ላይ ቆመው አይክፈቱ። ወደ ሱቅ ያምጡ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ያስቀምጡ፣ ስልኩን አቁመው ከፕላስተሩ ጀምረው ይቅረጹ።

መጀመሪያ ማሰሪያውን ይመልከቱ። ከዚያ ጫማውን ገልብጠው የሶሉን ጥርስ ይዩ። አዲስ ሶል ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቀጭን የጎማ ፀጉር ይታያል፤ አንድ ቀን እንኳ አስፋልት ላይ ከተሄደበት ያ ፀጉር ይረግፋል፣ በጥርሶቹ መካከልም አሸዋ ወይም የደረቀ ጭቃ ይቀራል። ጭቃው ቢታጠብ እንኳ በተረከዙ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሶሉ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ የጫማው ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ ይመልከቱ። ቤት ውስጥ ለመለካት ብቻ የተደረገ ጫማ ላይ አንድ ለስላሳ መስመር ሊኖር ይችላል፤ ያንን ይለፉት። የተደራረበ መጨማደድና የላብ ሽታ ግን ጫማው መዋሉን ያሳያል። በመጨረሻም የውስጥ ቁጥሩ ከቪዲዮው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አሮጌ ጫማ በአዲሱ ካርቶን ከትቶ የሚመልስ አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

ውሳኔዎን በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፉ። ጫማው የዋለ ከሆነ ለደንበኛው ሁለት ምርጫ ይስጡት፦ ዕቃው በራሱ ወጪ ይመለስለት ወይም በስምምነት ከዋጋው ተቀንሶ ቀሪው ይከፈለው። በጽሑፍ እሺ ሳይል ምንም አይቀንሱ። ሶሉ የለቀቀ ጫማ ላይ ግን መዋሉን ምክንያት አድርገው አይከራከሩ፤ ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሲደረግ ነው።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን መመለስ

1. ስሌቱን ይጻፉ። ከላይ ባለው ምሳሌ በምክንያት ሀ የሚመለሰው 2,400 ከ150 ጋር 2,550 ብር ነው። በምክንያት ሐ ደንበኛው መመለሻውን ራሱ ከከፈለ 2,400 ብር፣ እርስዎ ከፍለውለት ከሆነ 2,250 ብር ይሆናል። ስሌቱን ሳይልኩ ገንዘቡን አይላኩ።

2. የመጀመሪያውን ክፍያ ከባንክ ወይም ከቴሌብር መዝገብዎ ላይ ይፈልጉ። ደንበኛው በላከው ስክሪንሾት አይመሩ፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀናበራል። በንግድ ባንክ የተከፈለ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ከሒሳብዎ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ።

3. ገንዘቡን ወደ መጣበት ሒሳብ ብቻ ይመልሱ። «በባለቤቴ ስልክ ይላኩልኝ» የሚል ጥያቄ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከከፈለው ሰው በጽሑፍ ካልመጣ አይቀበሉት። አለበለዚያ ትክክለኛው ከፋይ ነገ መጥቶ ሁለተኛ ያስከፍልዎታል።

4. ከማረጋገጥዎ በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ። የማስተላለፊያ ክፍያውን እርስዎ ይሸፍኑ።

5. የግብይት ቁጥሩን ከ«ተመላሽ 17» ጋር ለደንበኛው ይላኩና «ደርሶኛል» እንዲል ይጠብቁ።

ዕቃ ሲደርስ በሚከፈልበት ሽያጭ ገንዘቡ አድራሹ እጅ ላይ ከርሞ ይሆናል። አድራሹ ገንዘቡን ገና ባያስገባም ደንበኛው ከፍሎ ዕቃውን ከመለሰ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ከአድራሹ ጋር በየዕለቱ ማታ ሒሳብ ይዝጉ።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ከተበላሸ

*ገንዘቡ ወደ ተሳሳተ ቁጥር ከሄደ፦* ጊዜ ሳያጠፉ በቴሌብር ከሆነ 127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውሉ፤ ቀጥሎም የግብይት ቁጥሩንና መታወቂያዎን ይዘው ቅርንጫፍ ይሂዱ። ለተቀበለው ሰው በትሕትና ደውለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ዛቻ ግን አይጻፉ። ደንበኛው ይህ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ከተመላሽ ገንዘቡ ይክፈሉት።

*ካርቶኑ በመመለሻ ጉዞ ላይ ከጠፋ፦* ደረሰኙ በማን ስም እንደሆነ ይመልከቱ። ደንበኛው እርስዎ ባዘዙት መንገድ ልኮ ደረሰኝ ከያዘ ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ ገንዘቡን ይመልሱና በደረሰኙ አጓጓዡን በጽሑፍ ይጠይቁ። የመመለሻ ቁጥር ሳይቀበል፣ ያለ ደረሰኝ ከላከ ግን ኃላፊነቱ የእሱ እንደሆነ በደንቡ ላይ አስቀድመው ጽፈው መሆን አለበት።

*ደንበኛው በቻናሉ ላይ ክስ ከጻፈ፦* አስተያየቱን አያጥፉ። «ጉዳይዎ በተመላሽ 17 ተመዝግቧል፤ ዛሬ በግል መልስ እንሰጥዎታለን» ብለው ይጻፉና በዚያው ቀን ያድርጉት። ቪዲዮውን ለደንበኛው በግል ያሳዩ እንጂ ስሙንና ስልኩን ለሕዝብ አያውጡ።

*ደንበኛው ከመለሰ በኋላ ስልክ ካላነሳ፦* ገንዘቡን ለይተው ያስቀምጡ፣ በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያሳውቁ፣ የከፈለበት ሒሳብ የሚታወቅ ከሆነ ወደዚያው ይላኩ። ዝም ማለቱ ገንዘቡን የእርስዎ አያደርገውም።

ደረጃ 9፦ መዝገብ

ደረሰኝ የሚቆርጡ ነጋዴ ከሆኑ ተመላሹን ከሽያጩ ደረሰኝ ቁጥር ጋር አያይዘው ለሒሳብ ሠራተኛዎ ያስረክቡ፤ ያለበለዚያ በሌለ ሽያጭ ላይ ግብር ሊሰላብዎ ይችላል። ቪዲዮዎቹን ቢያንስ የ15 ቀኑ ጊዜ አልፎ ክርክር አለመኖሩን እስኪያረጋግጡ አያጥፉ።

በየወሩ መጨረሻ የተመላሽ ገጹን በዕቃ ዓይነት ይደምሩ። አንድ ሞዴል በምክንያት ለ ደጋግሞ ከተመለሰ የሚታተምበት ቁጥር ጠባብ ስለሆነ በማስታወቂያው ላይ የውስጥ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ይጻፉ። በምክንያት ሀ ደጋግሞ ከተመለሰ መሸጡን ያቁሙና ጉድለት ያለባቸውን ጥንዶች ከፎቶና ከቪዲዮ ጋር ለጅምላ አከፋፋይዎ ይመልሱ። ከአከፋፋዩ ጋር የሚገቡት ስምምነት ጉድለት ያለበትን ጥንድ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይርና ከመርካቶ እስከ ደሴ ያለውን ማጓጓዣ ማን እንደሚከፍል የሚገልጽ መሆን አለበት፤ ይህንንም የሚቀጥለውን ጭነት ገንዘብ ከማስተላለፍዎ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ።